ወፈር ያለ ጎማ

ከባጃጁ ተራ፣ ከዘንባባው ግንድ ሥር፣
ቆርቆሮ ቤቴ ፊት፣ ካሮጌ ጎማ ክምር፣
አንድ ማለዳ ላይ፣ ድምፁን አጥፍቶ መጣ፣
ጥቁር መርሰዲስ፣ ከጣና ታጥቦ የወጣ።

መስኮቱ ዝቅ ሲል፣ ኢንጂነር ምንይችል፤
እጁ ወገቡ ላይ፤ ወገብስ ምን ይችል!

«ሶፋ ነው ብለውኝ፣ ሚሊዮኖች ከፍዬ፣
ማታ እታሻለሁ፣ ዋይ ወገቤን ብዬ።
ኮብልስቶኑ ላይ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፤
ሚስቴ በባጃጅ ሄዳ፣ አገር ይስቅብኛል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት።
ጎማ አይሉት ጎማ፤ ቸርኬውን የከበበ
ቀጭን ቀበቶ ነው፣ ባንድ ቀዳዳ የጠበበ።

«ጉንጭ የለውም» አልኩት፤ «ጎማ ማለት ጉንጭ ነው፣
ድንጋዩን ጎርሶ፣ አላምጦ የሚውጠው።
ይሄ ከንፈር ብቻ፤ የመንገዱን ጥፊ
ላጥንት ነው የሚያደርስ፣ እንደ ታማኝ ጸሐፊ።
ቸርኬው ዝቅ ይበል፣ ጎማው ይወፍር፤
ሰው ለምን በብረት ይሄዳል፣ ሞልቶ ሳለ አየር?»

አፌ ይህን አለ። ሆዴ ግን ስቋል፤
መንገዱ የሱ ነው፣ ፊርማው አርፎበታል።
የዛሬ አራት ዓመት፣ ነጭ ሄልሜት ደፍቶ፣
ሪባኑ ሲቆረጥ፣ ደረቱን ነፍቶ፣
አይቼዋለሁ። እሱ ግን እኔን አላየኝ፤
አሸዋ ተሸክሜ፣ አቧራ ሸፍኖኝ።
ሃያ ሳንቲ አሸዋ፣ ከሥር ይግባ ሲባል፣
አምስት ነው የገባው፤ ትከሻዬ ያውቃል።
ክረምቱ ገባና፣ መሬቱ ሲርስ፣
ድንጋዩ ተነቃነቀ፣ እንደ አሮጊት ጥርስ።

እኔስ ምን ከፋኝ? ልጄ ያደገችው
በነዚያ ጉድጓዶች ነው።
ጎማ ባፈነዱ ቁጥር፣ ደብተር ገዝቼላታለሁ።
ጀልባ ማረፊያው መታጠፊያ ላይ ያለውን፣ ትልቁን፣
«አባወራው» እለዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጎማው ካዲስ አበባ ደረሰ።
ክሪኩን አነሳሁ፤ ቡሎኑ እያንዳንዱ አለቀሰ።
አራቱን ነፋሁና፣ አጥብቄ አሰርኩለት፤
«አንድ ነገር» አልኩት፣ «እንዳትደነግጥበት፤
ጎማው ሲተልቅ፣ ቆጣሪው ይዋሻል፤
ስልሳ ላይ ነኝ ሲልህ፣ ስልሳ አራት ሄደሃል።
መቶ ኪሎ ሜትር ነድተህ፣ ዘጠና አራት ይጽፋል።»

ቆመ። አሰበ። ሳቀ፦
«የሌለ ሲጻፍ እንጂ፣
ያለው ሲጎድል አላየሁም፤ ይሄስ አዲስ ነው፣ ወዳጄ።»

ሄደ። አባወራው ላይ ሲደርስ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ።
ድምፅ የለም።
እንደ ታንኳ ከፍ፣ እንደ ታንኳ ዝቅ።
መታጠፊያው ላይ ብቻ፣ መሪው ሲጠመዘዝ፣
ጎማው ፓራፋንጎውን ላሰው፤ ሲጢጥ።

በማግስቱ ሲያልፍ፣ ሚስቱ ከጎኑ ነች፤
ባሏ ባነጠፈው መንገድ ላይ፣ ተኝታለች።
ጡሩንባ ነፋልኝ። እኔም እጅ ነሳሁ።
ከኋላው አንድ ባጃጅ፣ እየዘለለ ደረሰ፤
ደጄ ጋ ሲቃረብ፣ ጎማው ተነፈሰ።

ቀጭኖቹ አራት ጎማዎች፣ ገዢ አጥተው ከረሙ።
የጀልባው ካፒቴን ይበልጣል፣ አንድ እሁድ አያቸውና
ስድስት ቆሮሶ ቆጥሮልኝ፣
በገመድ አስሮ ወሰዳቸው።

አሁን በጀልባው ጎን፣ ወደ ውሃው ተንጠልጥለው፣
ማዕበል ጀልባውን ከወደቡ ግንብ ሲያላጋው፣
ቀድመው የሚመቱት እነሱ ናቸው።
ሥራ የቀዘቀዘ ቀን፣ ወደ ማታ ሄጄ አያቸዋለሁ፤
አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ለብሰዋል፤
ሕፃናት እግራቸውን አስገብተው ይወዛወዙባቸዋል።
ከፊታቸው ጣና፣ እስከ ዘጌ ድረስ የተዘረጋ፣
ጉድጓዱን ራሱ እየደፈነ የሚሄድ፣
እስካሁን ለማንም
በኮንትራት ያልተሰጠ።