አካፋ

አምስት በር አንኳኳሁ ሳስካቱን ከተማ፣
"የብድር ታሪክህ?" ነው ከሁሉም የሚሰማ።
ዕዳ ስሸሽ ኖሬ፣ አሁን በሰው አገር
የማልታመን ሆንኩኝ ባለመበደር።

ስድስተኛው በር ላይ ወይዘሮ ሃሊና
በከዘራ ቆማ አስተዋለችና
ምድር ቤቱን ከፈተች። ከመስኮቱ ማዶ
ዛሬ የሰው ጫማ፣ ነገ ግን በረዶ።

"ዋስ አልጠይቅህም፤ ግን በረዶ ሲጥል
መዛቅ ትችላለህ?"
"አሳምሬ!" ስል
አካፋ መጨበጥ የት ያውቃል እጄ!
ቁልፉን ተቀበልኩኝ፣ ውሸቴን አስይዤ።

ኅዳር ነው፣ አልነጋም፣ ፈተና አለብኝ፤
በረዶው በደጇ ጉልበቴን ዋጠብኝ።
ሃሊና በመስኮት እያየች ትስቃለች፤
ለካስ የዚያን ዕለት መዳፌን አይታለች።
ግማሹ መንገድ ላይ፣ ግማሹ ጫማዬ፣
በአካፋ ይከፈላል
የመጀመሪያ ዕዳዬ።