አስራ ስምንት ሚሊሜትር

መታወቂያ ሊያሳይ መዳፉን ሲዘረጋ፣
ጋሽ ውድማጣስ ሳቀ እዚያው ከበሩ ጋ።
«እንሶስላ ሞቀህ? ምን ጉድ ነው ዘንድሮ፣
ወንዱ ሙሽሪት ሆነ ኬሚስትሪ ተምሮ!»

ቢራራ አልመለሰም፤ ዝም ብሎ ገባ፣
በፌስታል ሙሉ ስር፣ አፈር የተቀባ፣
ከራስ መኮንን ድልድይ ከአንዲት ሴት የገዛው፣
ምርቃት ጠይቆ ሁለት እፍኝ ያበዛው።

እኔ እቃ አጣቢ ነኝ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ከቧንቧው ሳልለያይ፤
የምሁሩን ሁሉ ብልቃጥ ሳጠራ
ጣቴን ውሃ በላው፣ በየመካከሉ ነጭ ነገር አፈራ።
ስም አለው አለኝ ቢራራ። ፈንገስ።
እኔ የማውቀው ሌሊት ሲያሳክከኝ ነው።

ስሩን ላጠው፤ ፈገፈገው፤ በሜታኖል ዘፈዘፈው፤
ሦስት ቀን በጨለማ አሳድሮ አጠለለው።
ያን ቀለም ደም አትበሉት፣ ወይን አትበሉት፤
የሙሽራ ቤት ወለል ነው፣
ሴቶች ሲስቁ የፈሰሰበት።

እናቴ፣ ልዳር ሳምንት ሲቀረኝ፣
ይህንኑ ስር ወቅጣ፣ እግሬን በጨርቅ ጠቅልላ አሳደረችኝ።
«ለውበት ነው» አለች። ለውበት ብቻ ቢሆን
ባሏ የሞተባት ሴት፣ ማን ሊያይላት፣
ክረምት በመጣ ቁጥር ተረከዟ ሲሰነጠቅ
ለምን ትሞቀው ነበር?
ጭቃ የበላውን እግር እንደሚያጠግግ ታውቅ ነበር?
አልጠየቅኳትም። አሁን የት አግኝቼ።

ቢራራ ለቀለሙ ሌላ ስም አለው፦
ናፍቶኪኖን።
እኔ ስጠራው እንደ ጥሬ ሽምብራ ጥርሴ ላይ ይሰበራል፣
ይስቅብኛል።
ተክሉ ለናንተ እግር ብሎ አልሠራውም፣ ይለኛል፤
ስሩ እርጥብ አፈር ውስጥ ነው ኑሮው፣
ከሻጋታ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ።
ቀለሙ አጥሩ ነው።

አጋሩ በሳህን ረጋ፤ ፈንገሱ በጥጥ ተቀባ፤
ሦስት ክብ ወረቀት፣ አንዱ ሜታኖል ብቻ የጠጣ፣
አንዱ የፋርማሲ መድኃኒት፣
አንዱ እንሶስላ።
ከዚያ መብራት ጠፋ።

በሳምንቱም ጠፋ። ኢንኩቤተሩ በረደ፤
የሁለት ሳምንት ልፋት ተቀቅሎ ወረደ።
ቀቃይዋ እኔ ነኝ፣ አጣቢዋም እኔ፤
ልጁ መስኮት ላይ ቆሞ ቁልቁል ታክሲ ሲቆጥር አይቻለሁ በዓይኔ።

በሦስተኛው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣
«እትዬ አዛለች፣ ይምጡ ይዩት።»
ሳህኑ ሙሉ ነጭ አመዳይ ለብሷል፤
ሜታኖል ብቻ የጠጣውን ወረቀት
ጠርዙ ድረስ መጥቶ ወጥቶበታል።
በእንሶስላው ዙሪያ ግን ባዶ፣
ጥርት ያለ፣ ድርሽ ያላለበት።
«ቀለበት አሰረ» አልኩ ሳላስበው።
ማስመሪያ አምጥቶ ለካው፦
አስራ ስምንት ሚሊሜትር።
የመድኃኒቱ ሃያ አራት ነበር፤
እሱን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ፣
እንደ ጎረቤት ልጅ የፈተና ውጤት።

«እንግዲያው ለጣቴ ጠብታ ታህል ስጠኝ»
ብለው፣ ራሱን ነቀነቀ ዓይን ዓይኔን እያየኝ።
«ሳህን ሰው አይደለም፣ እትዬ። ፈንገሱን የገደለ
የርስዎን ቆዳ ይምር አይምር አላወቅኩም ገና።
ልኩን አላወቅኩም።»
ተቀየምኩት፣ እስከ ምሳ ሰዓት።
ከዚያ ቀለበቱን ከነሳህኑ ወስጄ ቀቀልኩት፣
ሥራዬ ነውና።

ማታ ወደ ድልድዩ ወረድኩ። ሴትየዋ አለች፣
ላስቲክ ተከናንባ ስሩን በውሃ ስትረጭ።
ሁለት መረጠችልኝ።
መልስ ስትሰጠኝ ጣቶቿ ተከፈቱ፦
ቀይ፣ እስከ ጥፍሯ፤
መካከላቸው ደረቅ፣ እንደ ክረምት የማያውቅ።
ያንን ማንም አልለካውም።

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ውድማጣስ ቦርሳዬን ሊፈትሽ
እጄን አየ።
«አንቺስ ደግሞ ለማን ነው?»

ለውሃው፣ አልኩት፣
ወደ ቧንቧዬ ወጣሁ።