ቅዳሜ አሥር ሰዓት

ትምህርቱ ቅዳሜ ነው፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፤
እኔ ያኔ ሐረጎ ነኝ፣ ከጠመዝማዛው አንገት፣
አሥራ ሁለት ሰው ጭኜ፣ ሁለት ኩንታል ጤፍ፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ፤
ረዳቴ እንድሪስ «ደሴ! ደሴ!» ይላል፣ ከነፋሱ አብሮ።

ዳሽቦርዱ ላይ መጽሐፉ፣ ሽፋኑ በፀሐይ የነጣ፤
ጥያቄውን አንብቤ፣ መልሱ ጋ ሳልደርስ ተራዬ መጣ።
ሦስት ወር ሆነኝ እንዲህ፣ ምዕራፍ ሁለት ላይ ቆሜ፤
እግዜር ዓለም ሲፈጥር፣ እኔ ጎማ ስፈታ፣ አለቀች ቅዳሜ።

ሚስቴ የሌሊት ነርስ ናት፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፤
እኔ ስገባ ትወጣለች፤ በር ላይ ነው ወሬያችን፦ «ወተቱ ፈልቷል፣
የይርዳው ጫማ ተቀዷል፣ የሐመልማል ደብተር ላይ ፈርም»።
ትዳራችን ፈረቃ ነው፣ አንዱ ሲያርፍ አንዱ አያርፍም።

«ታዲያ ይህ ከየት መጣ?» ለምትሉኝ ሁላችሁ፣
ከእንቅልፍ ነው የመጣው፤ ሳላፍር ልንገራችሁ።
ሐመልማልን ከትምህርት ቤት ላመጣ ቀድሜ ደረስኩና፣
ስልክ የማይጮህበት ጥግ ፈልጌ ገባሁ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ክፍት ነበርና፤
የኋላው ወንበር ላይ፣ ቁልፌን በእጄ ጨብጬ፣
እንደ ጣውላ ተኛሁ፣ አገጬን ደረቴ ላይ አስቀምጬ።
ስነቃ አባ ተወልደ መጥረጊያ ተደግፈው ቆመዋል፤
ወለሉ ሁሉ ተጠርጓል፣ እኔ ያለሁበት ብቻ ቀርቷል።
«ደክሞሃል» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።
ዘመዶቼ እንኳ ይህን ብለውኝ አያውቁም።

ኋላ፣ «እንደገና ልጠመቅ ይሆን?» ብዬ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅሁ፤
«በአርባ ቀንህ የነከረህ ውሃ መቼ ደረቀ?» አሉ። ሳቅሁ።
ይርዳው ምዕራፍ ሁለትን በከለር ቀባው፣ ሰማዩን አረንጓዴ፤
አባ አይተው፣ «ልጁ ካንተ ቀድሞ አነበበው እንዴ?»

እኛ ቤት ሠርግ ሲሆን ሁለት ቢላዋ ይሳላል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል፤
የአባቴ ወገን ወረባቦ ይሰግዳል፣ የእናቴ ወገን ያስቀድሳል፤
ሦስተኛ ድስት ማንን ይከብዳል ብዬ ነበር፣ እናቴን ረስቼ።
አልጣሽ ሰማች። ሦስት ቀን ዝም አለች፤ በአራተኛው ቀረብኳት ፈርቼ።
«ማተብህስ?» ክሩን ከሸሚዜ ስቤ አሳየኋት።
«ጾሙስ?» «እጾማለሁ።» «እመቤቴስ?» «እዚያም አለች» አልኳት።
ምስር ትለቅም ነበር፤ የተለቀመውን መልሳ ለቀመች፤
ሳትመርቀኝ፣ ሳትረግመኝ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ባለፈው ቅዳሜ ጉም ከጦሳ ወርዶ፣ ዝናቡ ጣራውን ሲደልቅ፣
ሚስቴ ከአዳር ገብታ ተኝታ፣ ይርዳው በአንድ ጫማ ሲንፏቀቅ፣
ዛሬም ቀረሁ ብዬ ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩ።
በሩን እናቴ ገፋችው፣ ጃንጥላዋ ይንጠባጠባል። ደነገጥኩ።
«ልጆቹን እይዛለሁ። የት እንደምትሄድ አልጠየቅኩም።
አንተም አትንገረኝ። ለማላውቀው ነገር ንስሐ አልገባም።»

ደጃፉ ጋ ስደርስ ጠራችኝ፦ «ሻማ ያበራሉ እንዴ እዚያ?»
«ያበራሉ።»
«እንግዲያ…» አለች፣ ይርዳውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጥላ ወደዚያ፣
«ለጉልበቴ አንድ ለኩስልኝ። ለጉልበቴ ብቻ። ለሌላ እንዳይመስላቸው።»

መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልዬ ወጣሁ። አሥር ሰዓት ከሩብ ሆኗል።
እንድሪስ ሞተር አስነስቶ ቆሟል፤ እኔን ሊያደርስ ነው፣ ባዶውን ይነዳል፤
ግን አመሉ አልለቀው ብሎ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ በዝናቡ ይጣራል፦
«አንድ ሰው! የቀረው አንድ ሰው!»