የአሸንዳው ክስ

«ሦስት እምነት እዚህ እንደ ወንድም ኖረ»
ይላል አስጎብኚው ድምፁን እያሳመረ፤
ቀይ ጃንጥላ ይዞ ሽቅብ እየመራ
በቶሌዶ ቅያስ፣ በድንጋይ ተራራ።

ኤንግራሲያ ግን በመዝገብ ቤት ጓዳ
ታነባለች ዛሬም የአንድ አሸንዳ ዕዳ፤
ብራናው ብል በልቶት፣ ቀለሙ ደብዝዞ፣
ሰባት መቶ ዓመት ያን ጭቅጭቅ ይዞ።

ከሳሽ ናት ቪዳ፣ አይሁዳዊት መበለት፣
ተከሳሽ ፋራጅ፣ ሙስሊሙ ጎረቤት፦
«ከጣሪያው የወረደው የጥቅምቱ ዶፍ
ያሰጣሁት ክር ላይ አፈሰሰው ጎርፍ፤
ሰማያዊው ነጣ!»
            ፋራጅም «የኔ አይደለም፣
ከኡራካ ጣሪያ ነው፤ በዚህ የኔ እጅ የለም።»
ኡራካ ክርስቲያኗ ደረቷን ነፍታ
«ባሌ የሠራው ነው!» አለች ተቆጥታ።
ሦስቱም ምለው ነበር በየመጽሐፋቸው፤
ሦስቱም ሳይዋሹ አልቀሩም በየበኩላቸው።

ዳኛው ሰለቸውና ፈረደ በአጭር ቃል፦
«አሸንዳው ይሠራ፤ ወጪው ለሦስት ይከፈል።»
ከግርጌው ላይ ቪዳ፣ ፊደል ስላልቆጠረች፣
«ፋራጅ ይፈርምልኝ» ብላ ጠየቀች።
ተከሳሹ ፈረመ በከሳሽ ፈንታ፤
ኤንግራሲያ እዚህ ጋ ትስቃለች ላንድ አፍታ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሌላ መዝገብ አለ፣
ቁም ጽሕፈቱ ያማረ፣ ማኅተም የታከለ፦
«የቪዳ ወገን ቤት። ለሽያጭ።
ሁለት ክፍል፣ አንድ በለስ። ነዋሪ የለውም።
አሸንዳው ደህና ነው። ጥገና አይሻም።»

ውጭ ዝናብ ጀመረ። ያ ቀይ ጃንጥላ
ለማን ይበቃል? እንግዳው በመላ
ከአንድ ግድግዳ ሥር ተጣብቆ ቆመ፣
እግር ተረጋግጦ፣ እያጉረመረመ።