እስከ ሰባት ቤት

ከኸርጅ ወዲያ፣ ከአሸዋው ጫፍ፣ ማራገቢያ ሲጮህ ሌሊት፣
ስድስት ሺህ ላም ታመነዥካለች፤ ደመና የላት፣ ክረምት የላት፤
ካፊያዋ ከቱቦ ነው።

የእኔ ሥራ ጆሮ መቁረጥ፤ የጥጃዋን የጆሮ ጫፍ
በብልቃጥ ውስጥ መክተት፣ ቁጥሯን በእስክሪብቶ መጻፍ።
የምስር ፍሬ ታህላለች፤ ባሕር ተሻግራ በረዶ ውስጥ፣
በሦስት ሳምንት መልስ ይመጣል፣ የደሟን ታሪክ የሚገልጥ።

ዶክተር ሙዘሚል፣ ሱዳኑ፣ መነጽሩን ወደ ግንባር ገፍቶ፣
ያሳየኛል ባለቀለም መስመር፣ ሻዩን ሳይጠጣ ረስቶ፦
«ከእናቷ ያገኘችው ቃል፣ ከአባቷ ያገኘችው ቃል፣
ያው ነው እዚህ፣ ያው ነው እዚያ፤ አንድ ሰው ሁለቴ ይምላል።»

የበረቱ አባት አንድ ኮርማ፤ ከሞተ ሠላሳ ዓመቱ፣
በናይትሮጅን ጋን ውስጥ ግን አልቀዘቀዘም ሙሽርነቱ።
የመረጡትም በከንቱ አይደል፤ እውነቱን ለመናገር፣
ልጆቹ እንደ ቧንቧ ናቸው፤ አርባ ሊትር፣ አርባ አምስት ሊትር።
መረጡና ደግመው መረጡ፤ የልጅ ልጁን ለልጁ ዳሩ፤
የሚጎድለው ሲጎድል ግን በጠብታ ነው አጀማመሩ።

ሦስቴ ተዳቅላ ያልያዘች።
ሳል የማይለቃት ጊደር።
ሳይታመሙ፣ ሳይከሱ፣ በወር ሁለት ሊትር፣ ሁለት ሊትር።

አርባ አራት አሥራ ሰባትን ትናንት ከሹክሩል ጋር ሳብን፤
በገመድ፣ በላብ፣ በቢስሚላህ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ታገልን።
ወጣ፤ ሙሉ ነው፤ ጥቁርና ነጭ፤ ጥርሱም ሳይቀር የበቀለ፤
ምንም አልጎደለው ስንል፣ ትንፋሽ ብቻ ነበር የሌለ።
እናቱ ላሰችው። ላሰችው።
በትራክተር እስኪወስዱት ላሰችው።

በዚያው ሌሊት ስልኬ ጮኸ፣ እጄን ገና ሳልታጠብ፤
ታላቅ ወንድሜ ደባሱ፣ ከመርጡለማርያም፣ ሲጠበብ፦
«ጥሩዓለምን ሊያጩ መጡ፤ ቤተሰቡ ነው ቢቸኔ፤
ሰባት ቤት ይቆጠር ቢሉ፣ ከአራተኛው ቆምሁ እኔ።
አንተ ከአባባ ጋር ስታመሽ የሰማኸው ይኖር ይሆን?
ከቅም አያት ወዲያ ያለውን፣ የጠፋብንን ስሙን?»

እኔ! የላሟን አሥራ ሁለት ትውልድ በጣቴ የምገልጥ፣
ማን ከማን፣ በየት ዓመት፣ ስንት ሊትር ብዬ የምመርጥ፣
አባት አልሁ፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅም አያት፤ ከዚያ ጨለማ።
ሽማት፣ ምንዝላት የሚለው ስም ብቻ ነው፤ ሰው የለውማ።

ጠዋት ለዶክተሩ ነገርሁት። ሊሥቅ ነበር፤ ሣቁ አልወጣ።
«ሚስቴ የአጎቴ ልጅ ናት» አለ፤ የቀዘቀዘ ሻዩን ጠጣ።

በሦስተኛው ቀን ደወለ፤ የደብረወርቅ አንድ መሪጌታ
የእኛን አምስተኛ፣ የእነሱን ስድስተኛ አገኙት በአንድ ቦታ፦
ጎሹ የሚሉት አንድ ሰው። ቀረ ሠርጉ። ጥሩዓለም
ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም፤ ከማንም አልተናገረችም።

አሰላሁት በላም ደንብ፤ ከሺህ አንድ እንኳ አይደርስ፤
የእኔ ላሞች ከመቶ አሥራ ስምንት ናቸው፤ ማን ይወቀስ?
ልነግረው አፌን ከፈትሁ። ጥርሱ የበቀለው ጥጃ
ትዝ አለኝ።
«ይሁን» አልሁት። «ይሁን፣ ደባሱ።»
ልክ ነበርሁ? ዛሬም አላውቅ።

ሹክሩል ከወዲያ ይጣራል፤ ሌላዋ ወልዳለች፤ ሴት ናት፣
እግሯ ቢንቀጠቀጥም ቆማለች፤ ጡት ትፈልጋለች በጉልበት።
ጆሮዋ ከቅጠል ይሳሳል። ቆረጥሁ። ብልቃጡን ከደንሁ።
አባት በሚለው ሣጥን ውስጥ
ያንኑ ስም ጻፍሁ።