ምን አለኝና

ግንቦት ማለቂያ ነበር፣ ቦርከና ክር አክሎ፣
ከመድን ቤት ልጅ መጣች፣ ፋይሏ ከብብቷ ውሎ።
ነኢማ ነው ስሟ። የእትዬ ዘምዘምን ግቢ ስታንኳኳ
ውሻው እንኳ አልጮኸም፤ ሙቀት በዝቶበት ነው መሰለኝ።

«እሳት የፊተኛው ገጽ ነው» አለች፣ ወረቀቱን እየገለጠች፤
«ውኃ የራሱ ገጽ አለው። ያኛው ገጽ ካልተፈረመ
ጎርፍ ቢገባ፣ ባዕድ ነው፤ ማንም አይከፍልበትም።»

እትዬ ዘምዘም መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ፣
አረቦኑን ጠየቁ፣ ደግመው ያንኑ ጠየቁ።
«ዛሬ ፈርሜ ነገ ቢዘንብስ?» ብለው ሞገቱ፤
«ደመና አይቶ መግዛት የለም፣ ሠላሳ ቀን ነው ማዘግየቱ።»
ጥቂት አሰቡና ስማቸውን ጻፉ፣ እስከ አያት፣
በሁለቱም ገጽ ላይ፣ ብዕሩን ጫን ብለውበት።

ወደኔም ዞር አለች። ከስፌት መኪናዬ ጀርባ ነበርኩ።
«አንተስ፣ ተከራዩ?» አለች። ቀና ሳልል ሳቅኩ።
«ቤቱ የሳቸው፣ ጣሪያው የሳቸው፣ ግድግዳው የሳቸው ነው፤
እኔ ምን አለኝና? ውኃ ከኔ ምን አለው?»
«የሳቸው ውል የሚያውቀው ግድግዳውን ነው» አለች፣
«አልጋህን አያውቀውም።» ትንሽ ጠበቀች።
«አብሽሪ» አልኳት። ክሩን በጥርሴ በጠስኩ።

*

ነሐሴ አሥራ ሦስት። የኮምቦልቻ ሰማይ ጥርት ያለ፣
ኮከቡ እንደ ቁልፍ፣ ከዳር እዳር የተተከለ።
ደሴ ላይ ዘንቦ ነበር።
የደሴ ዝናብ ቁልቁል ሲወርድ ትኬት አይቆርጥም፣
መናኸሪያ አያውቅም፤ ሰው ተኝቷል አይልም።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በበሩ ሥር ሾልኮ ገባ፣
ልኩን ሊሰጥ እንደመጣ ደንበኛ፣ ቀስ ብሎ ገባ።
መርገጫውን ነካ። ጎማውን ነካ። ጣውላውን አነሳ።
እኔ አልጋ ላይ ቆሜ፣ ልጄ ትከሻዬ ላይ፣
«አባዬ፣ መኪናህ ይዋኛል?» አለችኝ። ምን ልመልስ?

ጠዋት የቅሬያችን አባት፣ ጋሽ ሙሄ፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣
ድስትና ድንኳን አስጭነው፣ ደረሱ ጭቃውን ጥሰው።
«ማነው የሞተው?» አሉ። ማንም። «አልሐምዱሊላህ» አሉና
መዝገቡን ገለጡ፣ ዘጉት፣ እንደገና ገለጡና፦
«ደንባችን ለሞተ ነው። ለረጠበ አንቀጽ የለንም።»
ግን ምሳ አበሉን። ቅሬ ደንብ ቢያጣ፣ ምሳ አያጣም።

በአሥረኛው ቀን ገማቹ መጣ፣ ሜትሩን ስቦ አውጥቶ፣
ውኃው ግድግዳ ላይ የተወውን ቡናማ መስመር አይቶ፣
«አንድ ሜትር ከሃያ» ብሎ ጻፈ። በር ሁለት፣ ጻፈ። ልስን፣ ጻፈ።
የክፍሌን ግድግዳ ለካ፤ እኔን በዓይኑ አለፈ።
ክፋት አልነበረበትም። ወረቀቱ ላይ የለሁም።

*

ማታ ደብተር ገዛሁ። መብራት የለም፤ ሻማ አበራሁ፣
ምን አለኝና ያልኩትን አንድ ባንድ መጻፍ ጀመርኩ።
የስፌት መኪና፣ አንድ፤ እዳው ገና አላለቀም።
የመምህር ደርበው ኮት፣ አንድ እጅጌ የቀረው።
መቀስ (ተርፏል፣ ዝጓል)።
ፍራሽ። ራዲዮ። ካውያ።
የልጄ የአራተኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ ቀለሙ ፈስሶ
«ሦስተኛ» የሚለው ብቻ ቀርቷል። ከስንት ልጅ? አይነበብም።
የነቢሃ የሠርግ ቀሚስ።
እሱ የኔ አይደለም። መክፈሉ ግን የኔ ነው።

ሁለት ገጽ ሞላ፤ ወደ ሦስተኛው ተሻገርኩ።
ሰው የለኝም የሚለው ሳይቆጥር ነው ለካ።
ጎርፉ ቆጠረልኝ። አንድም አልዘለለ።

እትዬ ዘምዘም ካሳው ገባላቸው፤ ልስኑ ታደሰ፣ በሩ ተተካ።
ቀለም ቀቢው ወደኔ ክፍል ሲደርስ፣ «ይህን ግድግዳ እንዳትነካ»
አልኩት። እትዬ ዘምዘም ገርሟቸው ዝም አሉ።

ጥቅምት ላይ ነኢማ መጣች። ቦርከና ተመልሶ ክር ሆኗል።
እስከ ክረምት ብዙ ወር አለ፤ ሠላሳ ቀን ይበቃዋል።
ወንበር ሰጠኋት። ደብተሩን ሰጠኋት።
«ከየት እንጀምር?» አለች፣ ብዕሯን ከፍታ።
መስመሩን አሳየኋት፣
«ከዚህ በታች ካለው።»