ተጠሪ

ከልደታ ፍርድ ቤት፣ ከግንቡ ሥር ጥላ፣
አቤቱታ እጽፋለሁ ዘርግቼ ጃንጥላ።
ፍቺና ብድር፣ ውርስና ካሳ፣
በገጽ መቶ ብር፤ ሰው ቦርሳ ቢረሳ
ነገ ያምጣ እላለሁ፤
ግማሹ ይመጣል፣ ግማሹን እረሳለሁ።

ማክሰኞ በጠዋት አንዲት ሴት መጣች፣
የመሥሪያ ቤት ባጇን ካንገቷ ያልፈታች።
"ያባቴ ጉዳይ ነው።"
"ውርስ?"
"አልሞተም" አለችኝ፣ መሬት እያየች።

"ጋዙን ለኩሶ ትቶ ከቤት ይወጣል፣
ሲመሽ ከፒያሳ ፖሊስ ያመጣዋል፤
የጡረታው ደብተር ሁለቴ ጠፋበት፣
ደላላ ከደጅ ጠርቶ ውል አስፈረመበት።
ሌሊት በሩ ሲንቋቋ እሰማለሁ፣
ተነሥቼ ካልጋው መኖሩን አያለሁ።
እወደዋለሁ ብለህ ጻፍ። ወይስ ይኼ አይጻፍም?"
አይጻፍም አልኳት። ለፍርድ ቤት አይጠቅምም።

አመልካች፦ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ሰንበቱ።
ተጠሪ፦ አቶ ሰንበቱ ገለቱ።
አእምሯቸው በእርጅና ስለደከመ
ክልከላ ተወስኖ፣ ሞግዚት እንዲሾም።

"ሞግዚት?" አለች፣ ጣቷን ቃሉ ላይ ጥላ፣
"እኔን አዝሎ ላሳደገ? የለም ወይ ቃል ሌላ?"

የለም። ሕጉ ሲጻፍ አገሩ ልጅ ነበረ፤
ሽማግሌው ጥቂት፣ እሱም በዘመድ ተከቦ የኖረ።
ዛሬ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍቱ በቆመበት፣
ሰማንያ ዓመት ብቻውን ሲቀመጥ
ሕጉ ቁም ሣጥን ከፍቶ የሕፃን ቀሚስ አወጣ፤
እጅጌው ክርን ላይ ቀረበት።

በወሩ፣ ሐሙስ ቀን፣ አንድ ሽማግሌ መጡ፣
ከተተኮሰ ኮት ኪስ መጥሪያ አወጡ።
"መልስ ጻፍልኝ። ማን እንደጠራኝ ባላውቅም
የተጠራ ሰው አቤት ይላል፤ ዝም አይልም።"

አየሁት። የኔው ፊደል፣ የኔው አራት ነጥብ።
በኛ ሰፈር ነውር ነው ለሁለት ወገን መጻፍ፤
ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ።
ወንበር ሰጠኋቸው።

"ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ ዋናው ፖስታ ቤት፣
ደብዳቤ ለይቼ ሣጥን የከተትሁበት።
ጠይቀኝ። ቁጥር ጥራ።"

"ሰባት መቶ አሥራ ሁለት?"
"አርመኑ ልብስ ሰፊ። ካታሎግ ይመጣለታል።"
"ሺህ አርባ?"
"ትምህርት ቤት። ሰኞ ሰኞ ሞልቶ ይፈስሳል።"
"ሁለት ሺህ ዘጠና?"
"ባሏ ምጽዋ የቀረባት ሴት። በየቀኑ ትመጣለች።"
ዝም አሉ። "ባዶ ነው። ቁልፉን ይዛ ትቆማለች።"

"ቀኑስ ዛሬ ስንት ነው?" አልኳቸው፣
ዳኛዋ ይህንኑ ነው የምትጠይቃቸው።
ከድልድዩ ላይ ባቡሩ አለፈ፤
እስኪያልፍ ጠብቀው፣
"ቀን ማኅተም ላይ ነው" አሉ፣
"ማኅተሙ ሌላ ሰው ጋ ነበር።"

ከዚያ ስሙን አነበቡ። ፈትለ? የኔ ፈትለ?
"ከጓዳ እስከ ሳሎን መች ራቀና ነው በወረቀት የምትጠራኝ?
እንግዲህ ጻፍ፦
ተጠሪ፣ ተጠርቼ መጥቻለሁ።
ጋዙን ትዝጋው። ገንዘቡንም ትያዝልኝ።
ስፈርም ግን ቀስ ብላ ታንብብልኝ።
ከጎኔ ትቁም፤
በኔ ቦታ አትቁም።"

ለዚህ የሚጠቀስ አንቀጽ ፈለግሁ፤
"በአንቀጽ" ብዬ ጽፌ
ቁጥሩን ባዶ ተውሁ።
ገንዘብ አልተቀበልሁም።

ሦስት ቅጂ አትሜ፣ አስፈርሜ ሸኘኋቸው፤
ከበሩ ፍተሻ ላይ ቀበቷቸውን ሲፈቱ አየኋቸው።

ሰዓት አልሞላም። ከጃንጥላው ሥር
ያው ኮት፣ ያው መጥሪያ።
"መልስ ጻፍልኝ" አሉ። "ማን እንደጠራኝ ባላውቅም..."
ወረቀቱን ተቀበልሁ። ወንበሩን ጠረግሁ።
"ጠይቀኝ" አሉ። "ቁጥር ጥራ።"

"ሁለት ሺህ ዘጠና?"

"ትናንት" አሉ፣ ፊታቸው በርቶ፣
"ትናንት ደብዳቤ መጣላት።"